የዶቤት ፍቅር በአማርኛ ቤት

የሱዳንን የፍቅር ግጥም ወደ አማርኛ መመለስ በሰፈራችን እየተለመደ መጥቷል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ሆኖም የሚመሰገን ሥራ ሁሉ ኂስ ይገባዋል።

አብዛኛው የምንመልሰው ዶቤት ነው፤ በአንድ ቤት የሚመቱ አራት ስንኞች ያሉት የቡጣና ዘላኖች የቃል ግጥም። ገዳሪፍ ራሷ ቀድሞ «ሱቅ አቡ ሲን» ስትባል፣ ስሙን የሰጣት የሹክሪያ ነገድ ባላባት ቤት በ19ኛው መቶ ዓመት ታላቁን ባለ ዶቤት አል-ሐርደሎን አፍርቷል። እንግዲህ ይህ ግጥም የምንኖርበት ምድር ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት በቤት አመታት ላይ ይታያል። አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ አራቱን ስንኝ በ«ሽ» መዝጋት ቀላል ነው፦ ወደድሁሽ፣ አጣሁሽ፣ ናፈቅሁሽ፣ ጠበቅሁሽ። ቤቱ መታ ይባል ይሆናል፤ የመታው ግን ሰዋስው እንጂ ገጣሚው አይደለም። ስንኙ አልፎ አልፎ በስም ቢዘጋ ጆሮ ይነቃል።

ሁለተኛው የፆታ ነገር ነው። በዐረብኛው ሴቲቱ ብዙ ጊዜ በተባዕት ፆታ «ሐቢቢ» እየተባለች ትጠራለች፤ ማንነቷ እንዲሸፈን፣ ክብሯም እንዲጠበቅ። እንግሊዝኛ ወንድና ሴትን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ተርጓሚው ከዚህ ጭንቀት ያመልጣል። አማርኛ ግን «አንተ» ወይስ «አንቺ» ብሎ ያፋጥጣል። የእኛ ተርጓሚዎች ሳያመነቱ «አንቺ» ይላሉ፤ መሸፈኛውም ይገፈፋል። መውጫው ሩቅ አይደለም። ሱዳኖች «ዞል» የሚሉትን እኛ «ሰው» እንለዋለን። «ያ የማውቀው ሰው» ብሎ ማዜም ለአማርኛ እንግዳ አይደለም፤ ምስጢሩም ይጠበቃል።

ሦስተኛው ማላመድ ነው። መስዳር በተባለው ረጅም ዶቤት ገጣሚው በግመሉ ወደ ወዳጁ ሲገሠግሥ የሚያልፍባቸውን ስፍራዎች በተራ ይጠራል። አንዳንዶች ለደገኛ አንባቢ ብለው ግመሉን በቅሎ ያደርጉታል። ግመሉ ግን የርቀቱ መለኪያ ነው፤ ውኃ የሌለበትን ሜዳ ለማቋረጥ የደፈረ ፍቅር በበቅሎ ሲጫን የአንድ ቀን መንገድ ይሆናል። ደግሞስ እዚህ ግመል ያላየ አንባቢ ማን አለ? በአንጻሩ «ዱኻን» የተባለውን የሴቶች ጢስ እንግሊዝኛው «ጢስ» ብቻ ቢለው አንባቢው የሚነድ ቤት ይታየዋል። እኛ ግን ወይባ አለን። እዚህ ላይ ማላመድ ትርጉሙን ያቀርበዋል እንጂ አያርቀውም።

ኤስ. ሂለልሰን በ1935 እ.ኤ.አ. የሱዳንን ዐረብኛ ጽሑፎች በካምብሪጅ ሲያሳትም ከእንግሊዝኛው ትርጉም ጋር መፍቻ ቃላትም ጨምሯል። እኛም ቢያንስ ዐረብኛውን በፊደላችን ከሥር ብንጽፍ፣ ዐዋቂ ሊያርመን ይችላል።

ነገሩ የጨዋታ አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ብዙ ሱዳናውያን ቤታቸውን ጥለው ወደ ገዳሪፍ ሸሽተዋል፤ እነሱም እንደ እኛ ተፈናቃይ ሆነዋል። የቃል ግጥም ባለቤቱ ሲበተን አብሮ ይበተናል። ከጎረቤታችን አፍ የምንሰማውን አጣመን ብንጽፍ፣ ነገ የሚቀረው የተጣመመው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም ትርጉም የምታቀርቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመጻፋችሁ በፊት የአማርኛውን ሐሳብ ግጥሙን ለነገራችሁ ሰው በዐረብኛ መልሳችሁ አሰሙት። ፊቱ ካልበራ ስንኙን እንደገና ሥሩት።