የሽምብራ ጦር በዐድዋ ተራሮች፤ ያለ ዋጋ ስለሚገኙ የጦርነት ጨዋታ ደንቦች የቀረበ ሒስ

ትንንሽ የወታደር ምስሎችን በጠረጴዛ ወይም በወለል ላይ አሰልፎ ያለፈን ጦርነት እንደ ገና መዋጋት በአውሮፓና በአሜሪካ የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ መዋያ ነው። ለዚህ ጨዋታ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ያስፈልጋል። አንደኛው ደንቡ ነው። ሁለተኛው መነሻው ነው፤ መነሻ የምንለውም ማን ከየት እንደ ተነሣ፣ ስንት ሰው እንደ ነበረው፣ ምን ቢያደርግም አሸነፈ እንደሚባል የሚወስነውን ጽሑፍ ነው። ሁለቱም ያለ ዋጋ ስለሚገኙ ለተማሪ ኪስ ይስማማሉ። እኛም ምስሎቹን ለመግዛት ዐቅም ስላልነበረን በባቄላና በሽምብራ ሞክረናቸዋል። እዚህ የምንመረምረው ግን ጨዋታው ደስ ማሰኘቱን ሳይሆን፣ ያለፈውን ነገር በእውነት ይነግረን እንደ ሆነ ነው።

በመጀመሪያ የያዝነው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ሊትል ዎርስ» (ትንንሽ ጦርነቶች) የተባለውን መጽሐፍ ነው። ደራሲው በ1946 እ.ኤ.አ. ስለ ሞተና የባለቤትነት መብቱም ጊዜ ስላለፈ፣ ዛሬ ያለ ክፍያ ይነበባል። ደንቡ አጭርና ግልጽ ነው። እግረኛ በአንድ ተራ አንድ ጫማ፣ ፈረሰኛ ሁለት ጫማ ይሄዳል። መድፉ በሞላ የሚሠራ የልጆች መጫወቻ ሲሆን ትንሽ የእንጨት ጥይት ይወረውራል፤ የተመታው ምስል ይወድቃል። ዳይስ የሚባል ነገር የለም። በአጠገቡ አራት ሰው የሌለው መድፍ አይተኩስም። ለእያንዳንዱ ተራ ጊዜ ስለ ተወሰነለት ተጫዋቹ ይቸኩላል፤ ሲቸኩልም ይሳሳታል፤ ይህም ከመጽሐፉ ብልኀቶች ሁሉ የሚበልጠው ነው ብለን እናምናለን።

ነገር ግን በዚህ ደንብ የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋን ጦርነት ለመጫወት በተነሣን ጊዜ ችግሩ ታየ። አንዱን ፍሬ በ500 ሰው ቆጠርነው። የጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር 17,700 ያህል ስለ ነበረ 35 ባቄላ ሆነ፤ የዐፄ ምኒልክ ጦር ወደ 100,000 እንደሚጠጋ ስለሚገመት 200 ሽምብራ ሆነ። በዋናው የዌልስ ደንብ እግረኛ ጠመንጃ አይተኩስም፤ የሚተኩሰው መድፍ ብቻ ነው። ሁለት ወገኖች ሲገናኙም ሰው ለሰው ይተላለቃሉ። እንግዲህ 35ቱ ባቄላ ቢበዛ 35 ሽምብራ ገድሎ ያልቃል፤ ጨዋታው ሳይጀመር ተፈጽሟል ማለት ነው። ደራሲው በመጽሐፉ መጨረሻ ለወታደሮች ትምህርት በሚሆነው ክፍል የጠመንጃን ነገር ቢያነሣም፣ ዋናው ጨዋታ ያለዚያ የቆመ ነው።

ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ቁጥርን ብቻ የሚቈጥር ደንብ፣ የጣልያን ጦር የተሸነፈው በቁጥር ስለ ተበለጠ ብቻ ነው የሚለውን አሮጌ ምክንያት ሳያስበው ይደግማል። ቁጥሩ ምንም አልሠራም አንልም። ዳሩ ግን የጣልያን ጦር አንድ ሆኖ አልተዋጋም። በባራቲዬሪ ንድፍ ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ኮረብታና የአገሩ ሰው በዚህ ስም የሚያውቀው ኮረብታ የተለያዩ ነበሩ። ጄኔራል አልቤርቶኔ መሪዎቹን ተከትሎ ወደ እውነተኛው ሄደና ከወገኖቹ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ብቻውን ቀረ። ሊረዳው የሚገባው ጄኔራል ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወጣ፤ በዚያም ሞተ። ለባራቲዬሪ የተሳሳተ ወሬ ያደረሱትን እነ ባሻይ አውዓሎምን በየትኛው ሽምብራ እንቈጥራቸዋለን?

ዌልስ ጦሩ በሚሰለፍበት ጊዜ በሜዳው መካከል መጋረጃ ያስጋርዳል፤ ጨዋታው ሲጀመር ግን መጋረጃው ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ሁሉን ያያሉ። የዐድዋ ነገር በሙሉ ያለው መጋረጃው ባልተነሣበት ላይ ነው። (የአገራችን ሰንጠረዥ እንኳ በአንድ በኩል ከዚህ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ይንቀሳቀሳሉና።)

ስለዚህ ወደ ኋላ ሄደን የፕሩሱ መኰንን ፎን ራይስቪትስ በ1824 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ክሪግስሽፒል» ተመለከትን። ይህም መብቱ ያለፈበት ሥራ ነው። ጨዋታው በ1፡8000 ካርታ ላይ ይካሄዳል፤ አንዱ ተራ የሁለት ደቂቃ ጊዜ ነው፤ ዳይስም አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዳኛው ነው። ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን ለእርሱ ይሰጣሉ፤ እርሱም ሊያዩት የሚችሉትን ብቻ ያሳያቸዋል። ደንቡ ረጅምና አድካሚ ስለ ሆነ አንድ ቅዳሜ አይበቃውም፤ ሆኖም ለዐድዋ የሚሆነው ይህ ነው።

በሁለተኛው ሙከራችን የዌልስን የጊዜ ገደብ ከራይስቪትስ ዳኛ ጋር አዋሐድን፤ መነሻውንም ለወጥን። ለጣልያኑ ተጫዋች የተሳሳተውን ንድፍ ሰጠነው፤ ስሕተቱን ያወቀው አምስት ባቄላ ከጠፋበት በኋላ ነው፤ ተቈጣም። በየወገኑ ፊት ደግሞ አንድ ስኒ ስንዴ አኖርን፤ ያየናቸው መነሻዎች ሁሉ የዘለሉት ረኀብን ነበርና። ባራቲዬሪን ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ የስንቁ ማለቅ ነበር፤ የኢትዮጵያም ጦር ስንቅ እያለቀ ነበር። የእኛ ሽምብራ አዛዥ ስኒው ሲጎድል ታግሦ መቀመጥ አልቻለም፤ በሳውርያ ምሽግ የተቀመጡትን ባቄላዎች ራሱ ሄዶ ወጋና ብዙ ሰው አስፈጀ። ዐፄ ምኒልክ ግን በዚያ ምሽግ ላይ አልሄዱም፤ ጠላት እስኪወጣ ጠበቁ። ይህ ትዕግሥት ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ በመጽሐፍ አንብበነው ሳንረዳው ኖረን ባዶ ስኒ አስተማረን።

ይሁን እንጂ ስኒው በየቀኑ የሚጎድልበትን መጠን የወሰንነው እኛ ነን። በጥቂት ፍሬ ብንለውጠው ጣልያኑ ከምሽጉ ሳይወጣ ጦራችን ሊበተን ይችላል፤ ስለዚህ መነሻው ገና አልተጠናቀቀም። ለሦስተኛው ሙከራ ዳኛው የዐድዋን ታሪክ በዝርዝር የማያውቅ የሌላ ፋኩልቲ ተማሪ እንዲሆን አስበናል፤ አልቤርቶኔ ወደ ኮረብታው ሲቀርብ የአሁኑ ዳኛችን ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም ነበርና።