ዓይን፥ ሕፃንና ሞት፤ ስለ ረዶን ሥዕሎችና ስለ ጠልሰም

የማይታየውን በሚታይ መልክ ማቅረብ የሥዕል ሁሉ ፈተና ነው፤ ከማይታዩትም መካከል እንደ ሞት ያለ አስቸጋሪ የለም። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሁለት ዓይነት ሠዓልያን ይህን ፈተና በአንድ ምልክት፥ ይኸውም በዓይን፥ እንዴት እንደ ተቋቋሙት ነው።

ኦዲሎን ረዶን እ.ኤ.አ. በ1840 በቦርዶ ተወልዶ በ1916 በፓሪስ የሞተ ፈረንሳዊ ሲሆን፥ ሲምቦሊስት ከሚባሉት፥ ከውጭው መልክ ይልቅ የውስጡን ምሥጢር ከሚሹት ወገን ይቈጠራል። ለብዙ ዘመን ዋና ሥራው በከሰልና በጥቁር ሕትመት ነበር። በ1882 ለኤድጋር ፖ ባወጣው የሊቶግራፍ ስብስብ ውስጥ አንድ ታላቅ ዓይን እንደ ፊኛ ሆኖ ወደ ሰማይ ሲወጣ ይታያል፤ ከበታቹም በሣሕን ላይ ያለ የሰው ራስ ተንጠልጥሏል። ዓይኑ የሚያየው ወደ ላይ ነው፤ እኛን አያየንም። ከአራት ዓመት በኋላ የበኵር ልጁ ዣን በጥቂት ወር ዕድሜው ሞተ። ደማቅ ቀለም በሥራው የበረከተው ሁለተኛው ልጁ በ1889 ከተወለደ በኋላ ነው።

እኛ የቀየት ልጆች ደግሞ ክታብን በእናቶቻችን አንገት ላይ እያየን አድገናል። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቈርጣል፤ ስመ ክርስትናውን ይጽፋል፤ ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን የውርዝልያንና የቅዱስ ሱስንዮስን ታሪክ ያሰፍራል፤ በመካከሉም ዓይን የበዛበት ጠልሰም ይሥላል። እንደ እርሱ አስተሳሰብ፥ ጋኔኑ በበሽተኛው ዓይን ይህን አይቶ ይሸሻል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን አንዳንዶቻችን ባዕድ አምልኮ ነው ብለን ዓይናችንን እንመልስ ነበር። ነገር ግን መንቀፍና ማየት ሁለት ነገሮች ናቸው።

ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው፤ የረዶን ዓይን የማንም አይደለም፤ ስለዚህ ተመልካች ሁሉ የራሱን ፍርሃት ይጨምርበታል። የጠልሰም ዓይን ግን ለአንዲት እናት፥ ለአንድ ሕፃን የቆመ ዘበኛ ነው፤ ፊት ለፊትም ያፈጣል። ፈረንሳዊው ሞትን ምሥጢር አደረገው፤ ደብተራው ባለጋራ አደረገው።

እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003) በፓሪስ የተማረውን ከጠልሰም መልኮች ጋር አዋሕዷል፤ በ1964 የሣለው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ለዚህ ምስክር ነው። ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምርም ተማሪዎቹ ወደ ብራናው እንዲመለከቱ መንገድ ከፈተ። ይሁን እንጂ በሸራው ላይ የታማሚው ስምና ቁመት የሉም። ውበቱ ለዓለም ሁሉ ሲደርስ፥ ለአንድ ሰው የነበረው ጭንቀት በመንገድ ቀርቷል።

ክታብ ታስሮላቸውም የሞቱ ሕፃናት ብዙ ናቸውና ጠልሰሙ ያድናል አንልም፤ ሕፃናትን ያተረፉት ክትባትና ሐኪም ናቸው። ነገር ግን አንድ ሥዕል የሚመዘነው በመስመሩ ጥራት ብቻ ሳይሆን፥ ስለ ማን ሞት እንደሚጨነቅ በማወቁም ጭምር ከሆነ፥ የቀየት ደብተራ ከቦርዶው ሠዓሊ ጎን ቢቀመጥ አያፍርም እንላለን።