በሰው በረት የቆመ ሐኪም

የቴሌቪዥን ተከታታይ ድርሰት ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የተሠራ ነገር ነው ብለው ከሒስ ደጃፍ የሚመልሱት ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን አንድ ሥራ በመጽሐፍ ገጽም ቢሆን፣ በመድረክም ቢሆን፣ በቴሌቪዥን መስኮትም ቢሆን ስለ ሰው ኑሮ የሚናገረው ቁም ነገር ካለው በአንድ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል እንላለን። በዚህ ወር ለምርመራ የመረጥናቸው ከእንግሊዝ አገር ሰሜናዊ ክፍል፣ ከዮርክሻየር የወጡትን፣ የገጠር የከብት ሐኪሞችን ውሎ የሚከተሉትን ሦስት ተከታታይ ሥራዎች ነው። አንደኛው ከ1978 እስከ 1990 የታየ ነው፤ ሁለተኛው በ2015፣ ሦስተኛው በ2020 መታየት የጀመሩ ናቸው። ዘመኖቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ተመልካቹ ብዙውን ጊዜ እነዚህን ሥራዎች ስለ እንስሳት እንደ ተደረሱ አድርጎ ይቀበላቸዋል። የበጉ ግልገል፣ ቡችላው፣ አረንጓዴው ኰረብታ ዐይንን ስለሚስቡ አይፈረድበትም። እኛ እንደምናየው ግን የድርሰቶቹ እውነተኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ይኸውም፦ የተማረ ሰው ዲፕሎማውን ይዞ በሰው በረት ሲገባ ምን ይገጥመዋል? ዕውቀቱንስ ገና ለማያምነው ባለ ከብት በምን ያስረዳዋል? የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ አጥብቆ የያዘ ክፍል ሁሉ ሕይወት አለው፤ የለቀቀው ሁሉ ሥዕሉ ቢያምርም ይቀዘቅዛል።

አስቀድመን ምንጩን እንናገር። አልፍ ዋይት የሚባለው የከብት ሐኪም በ1916 በሰንደርላንድ ተወልዶ በግላስጎ አደገ። በ1939 በዚያው በግላስጎ ከከብት ሕክምና ኮሌጅ ተመርቆ፣ በ1940 ተርስክ በምትባለው የዮርክሻየር የገበያ ከተማ ከዶናልድ ሲንክሌር ጋር ሥራ ጀመረ። ብዙ ዓመታት በረት ለበረት ከዞረ በኋላ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት አልፎ ሳለ፣ የመጀመሪያ መጽሐፉን በ1970 አሳተመ። በዚያ ዘመን ሐኪም በራሱ ስም ስለ ሥራው ቢጽፍ ደንበኛ ለመሳብ ራሱን እንዳስታወቀ ይቈጠርበት ስለ ነበረ፣ ጄምስ ሄሪየት የሚል የብዕር ስም ያዘ፤ ስሙንም ያገኘው በቴሌቪዥን ሲጫወት ካየው ከአንድ የእግር ኳስ በረኛ ነው። ሲንክሌርን ሲግፍሪድ ፋርነን፣ የሲንክሌርን ወንድም ትሪስታን፣ ከተማይቱን ዳሮቢ ብሎ ሰየማቸው። ዋይት በ1995 ዐረፈ፤ ይሠራበት የነበረውም ቤት ቤተ መዘክር ሆነ።

ቢ.ቢ.ሲ. ከእነዚህ መጻሕፍት ያወጣው «ኦል ክሪቸርስ ግሬት ኤንድ ስሞል»፣ ማለት «ታላላቁም ታናናሹም ፍጥረት ሁሉ»፣ በጥር ወር 1978 ተጀምሮ 90 ክፍል ታይቷል። ጄምስን ሆኖ የሠራው ክሪስቶፈር ቲሞቲ፣ ቍጡውንና ቸሩን ሲግፍሪድን የሠራው ሮበርት ሃርዲ፣ ቀልደኛውን ትሪስታንን የሠራው ፒተር ዴቪሰን ነው።

በዚህ ሥራ መጀመሪያ ላይ ወጣቱ ጄምስ፣ ለሥራው ገና እንግዳ ሳለ፣ ብቻውን ወደ አንድ ባላባት የፈረስ ጋጥ ይጠራል። ፈረሱ በሥቃይ ላይ ነው። የጋጡ አለቃ ግን «ተራ ቍርጠት ነውና መድኀኒት ስጠው» ባይ ነው። ጄምስ መርምሮ አንጀቱ እንደ ተጠማዘዘና በዚያ ዘመን መዳኛ እንዳልነበረው ይረዳል። የቀረው ነገር ፈረሱን በጥይት ከሥቃዩ ማሳረፍ ነው። አለቃው ያስፈራራዋል፤ ፈረሱም ዋጋው ውድ ነው፤ የሐኪሙም የሥራ ዘመን ገና በቀን የሚቈጠር ነው። ይተኩሳል። በኋላ በድኑ ሲከፈት የእርሱ ቃል እውነት ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን የዚህ ታሪክ ብርታት በማረጋገጫው ላይ አይደለም። ብርታቱ በተኩሱና በማረጋገጫው መካከል ባለው ጊዜ ላይ ነው። ያን ጊዜ ወጣቱ ከመጽሐፍ ያገኘው ዕውቀት ሁሉ በአንድ ጣቱ ላይ ተሰብስቦ፣ የሚመሰክርለት ሰው ሳይኖር ይቆማል። ኀላፊነት ማለት ምን እንደ ሆነ ይህን ያህል በአጭሩ የሚያስረዳ ትርኢት ብዙ አላገኘንም።

የዲፕሎማው ክብር በበረት ውስጥ ምን ያህል እንደሚያንስ ደግሞ የዋይት የመጀመሪያ መጽሐፍ ከመነሻው ይነግረናል። ጄምስ ልብሱን እስከ ወገቡ አውልቆ፣ ክንዱን በሳሙና አጥቦ፣ በብርድ ሌሊት በድንጋይ ወለል ላይ ተኝቶ፣ ምጥ የጸናባትን ላም ሁለት ሰዓት ያህል ያዋልዳል። የባለ ከብቱ አጎት አጠገቡ ቆሞ የሚያመሰግነው ግን ሌላ ሐኪም ነው። ጥጃው በደኅና ከተወለደ በኋላ ባለ ከብቱ የሚጠጣ ነገር ያነሣል፤ ሐኪሙ ለእርሱ የተባለ መስሎት ደስ ብሎት ሲያመሰግን፣ የታሰበው ለላሚቱ መሆኑን ይሰማል። ተመልካቹም አንባቢውም ይህን ሲያይ ይሥቃል። ነገሩን ልብ ብሎ ላስተዋለው ግን ባላገሩ ባለጌ አይደለም። በዚያ በረት የተጨነቀችውና የቤቱን ኑሮ የተሸከመችው ላሚቱ ናት፤ ሐኪሙ ለሥራው የመጣ ሰው ነው። በቋንቋችን ከብት የሚለው ቃል ከእንስሳው ጋር ሀብትንም ጭምር ሲያመለክት መኖሩን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ትርጁማን አያሻውም።

ያ የመጀመሪያ መጽሐፍ ስሙ ሲተረጐም «መናገር ቢችሉ ኖሮ» ማለት ነው፤ እኛም የዚህን ዓይነቱን ድርሰት ምስጢር በዚህ ስም ውስጥ እናገኘዋለን። ከብት የት እንዳመመው አይናገርም። ስለዚህ የከብት ሐኪም ሁለት ጊዜ መመርመር አለበት፦ አንድ ጊዜ የከብቱን አካል፣ አንድ ጊዜ የባለቤቱን ቃል። ባለቤቱ አንዳንዱን ይረሳል፣ አንዳንዱን ያፍርበታል፣ አንዳንዱንም ወጪ ፈርቶ ይደብቃል። የ1978ቱ ሥራ መልካም ክፍሎች ካሜራውን ከላሚቱ ይልቅ በባለቤቱ ፊት ላይ የሚያቆዩት ናቸው። ከመጠን በላይ ስለበላው ስለ ትሪኪ ዉ፣ ስለ ባለጸጋዋ የወይዘሮ ፓምፍሪ ውሻም የተነገረው እንደዚሁ ነው። የውሻው መድኀኒት ምግብ መከልከልና ከሌሎች ውሾች ጋር መሮጥ ብቻ ነበር፤ ለታማሚው ተብሎ የተላከውን እንቍላልና የወይን ጠጅ ሐኪሞቹ ተካፈሉት። ይህ ቀልድ ከአንዲት ላም በቀር ከሌለው ገበሬ ታሪክ ጎን ሲቆም ሣቁ ጥርስ ያወጣል።

እንከን የለበትም ግን አንልም። ሥራው ከብዙ ዓመታት ዕረፍት በኋላ በ1988 ሲቀጥል፣ ገበሬው አስቀድሞ የሚታወቅ ዓይነት እየሆነ ሄደ፤ ቈጣቢው ሁልጊዜ ቈጣቢ፣ ቍጡውም ሁልጊዜ ቍጡ ሆነ። ባላገር መሣቂያ ብቻ ሲሆን ድርሰቱ የተነሣበትን ጥያቄ ይረሳል።

ከዚያው መጽሐፍ እንደ ገና ተዘጋጅቶ ቻናል 5 በተባለው ጣቢያ በ2020 የጀመረው አዲሱ ሥራ፣ በአሠራሩ ንጹሕ፣ በመልክዓ ምድሩ ውብ ነው። የቤቱ ጠባቂ ወይዘሮ ሆል በአሮጌው ሥራ ከበስተኋላ የምትታይ ሴት ነበረች፤ እዚህ የራሷ ኀዘንና የራሷ አሳብ ያላት ሰው ሆናለች። የገበሬ ልጅ የሆነችው ሄለንም እርሻውን በእጇ ስትይዝ እናያታለን። ይህ እውነተኛ መሻሻል ነው። በ1978ቱ ሥራ ክሪስቶፈር ቲሞቲ ክንዱን በእውነተኛ ላም ውስጥ አግብቶ እንደ ነበረ ይነገራል፤ በአዲሱ ግን ለእንስሳቱ ደኅንነት ሲባል እንዲህ ያለው ሥራ በተሠራ አምሳል ይቀረጻል። በዚህም ማንንም አንወቅስም። የምንወቅሰው ሌላውን ልስላሴ ነው፦ ሰዎቹ ቶሎ ይታረቃሉ፤ ጭቃው ቶሎ ይደርቃል፤ ጠብ ሁሉ እራት ሳይቀርብ ያልቃል። ተመልካቹ ከገበሬው ድካም ይልቅ የገጠሩን ውበት ይዞ ይነሣል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ተረታችን ለእንዲህ ያለው ተመልካች የተነገረ ይመስላል።

በ2015 በዚያው ጣቢያ የጀመረው «ዘ ዮርክሻየር ቬት»፣ ማለት «የዮርክሻየሩ የከብት ሐኪም»፣ ተዋናይ የለውም። ሐኪሞቹ እውነተኞች፣ ከብቶቹም የሰው ንብረት ናቸው። ካሜራው መጀመሪያ የገባው ከዋይትና ከሲንክሌር በወረደው የተርስክ ሕክምና ቤት ነው፤ ከሐኪሞቹም አንዱ፣ ፒተር ራይት፣ በወጣትነቱ ከእነዚህ ከሁለቱ ሥር ሥራ የተማረ ነው። ተራኪ ሆኖ የተመረጠው ደግሞ ያው የጥንቱ ጄምስ፣ ክሪስቶፈር ቲሞቲ ነው። እዚህ ማንም ደራሲ ጥጃው በደኅና እንዲወለድ ሊያዝዝ አይችልም፤ ሞቶ ከወጣ ሞቶ ይወጣል። ሐኪሙ ሳይናገር በጣቶቹ ሲያስብ ማየት ከማናቸውም የትወና ጥበብ አያንስም። ጉድለቱ በአቀራረቡ ነው። የአንዱ በረት ታሪክ ሳያልቅ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ተራኪውም ገበሬው ዝም በሚልበት ቦታ ዝም አይልም። ላሟ የሞተችበት ሰው ባዶ ገመድ ይዞ ሲቆም፣ ምን ሊሰማን እንደሚገባ የሚነግረን ድምፅ አያስፈልገንም።

ሦስቱን በአንድነት ስንመዝናቸው ከሁሉም የሚበልጠውን ጉድለት እናገኛለን። ቴሌቪዥን የሚወደው በአንድ ክፍል መጀመሪያ ታይቶ በዚያው ክፍል መጨረሻ የሚድነውን በሽታ ነው። አንዲት የወለደች ላም በደሟ ውስጥ ካልሲየም ሲጎድል ተዝለፍልፋ ትወድቃለች፤ ሐኪሙ በደም ሥሯ ካልሲየሙን ሲሰጣት ጥቂት ቆይታ ትነሣለች። ለመስኮቱ ከዚህ የሚመች ነገር የለም። ገበሬን የሚያደኸየው በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። የከብት ነቀርሳ ዓመታት ይወስዳል፤ ባልተፈላ ወተትም ወደ ሕፃናት ይተላለፋል። ሐኪሙ በላሚቱ አንገት ቆዳ ውስጥ ቱበርኩሊን ወግቶ ይሄዳል፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ የቆዳውን ውፍረት ይለካል። ያበጠባት ላም የታመመች ባትመስልም ትወገዳለች። እዚህ ሐኪሙ አዳኝ ሆኖ አይታይም፤ ጤነኛ የምትመስለዋን ላም የሚያስወስድ የመንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ይታያል። የ2020ው ሥራ በኋለኞቹ ክፍሎቹ ይህን ምርመራ ማንሣቱን እናመሰግናለን፤ ከልስላሴው የወጣው በዚያ ነው። በ2001 በብሪታንያ የአፍና የእግር በሽታ በተነሣ ጊዜ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ያልታመሙ ነበሩ። ያን ዓመት የኖረ የገጠር ሐኪም የሥራው ትርጓሜ ማዋለድ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ይህ ነገር እኛንም የሚነካ ታሪክ አለው። ባላገራችን ደስታ ብሎ ይጠራው የነበረው የከብት ወረርሽኝ በ1865 እንግሊዝ አገር ገብቶ በፈጀ ጊዜ፣ የዚያ አገር መንግሥት የከብት ሕክምና ክፍል ለማቋቋም ተገደደ። ያው በሽታ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ አብዛኛውን ከብት ጨረሰ፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ስላልቻለ ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ ተከተለ። በ2011 በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከሰው ፈንጣጣ በኋላ እንዲህ የጠፋ ሁለተኛ በሽታ ነው። ይህን ያደረገው በየመንደሩና በየግጦሹ የተዳረሰ ክትባት ነው። ክትባቱን ተሸክመው የዞሩት ሰዎች ግን እንደ ዳሮቢ ሐኪሞች ዝናቸው አልተነገረም፤ ያልታመመ ከብት መከተብ ለመስኮቱ የሚያጓጓ ነገር ስለማይመስል ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ከሦስቱ ሥራዎች የ1978ቱ የመጀመሪያ ዓመታት ክፍሎች ይበልጣሉ፤ የተማረው ሰው ከባላገሩ ፊት ቆሞ ሲያፍር፣ ሲሠራና በመጨረሻ ሲታመን ከነሻካራው ያሳዩናልና። በቅርቡ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ገጠር የሚላክ ወጣት፣ መምህርም ሆነ የጤና ሠራተኛ፣ እነርሱን ቢያይ አይጎዳም። የሥልጣን ወረቀት ደጁን እንደሚያስከፍት፣ በበረቱ ውስጥ ግን የሚያስከብረው የእጅ ሥራና ትዕግሥት እንደ ሆነ ይማርባቸዋል።

ወደ ፊት እንዲህ ያለ ድርሰት ለሚያዘጋጁ ሰዎችም አንድ አሳብ እናቀርባለን። ጥጃው ሲወለድ ብዙ ጊዜ አይተናል። አሁን ደግሞ በመርፌውና በልኬቱ መካከል ያሉትን ሦስት ቀኖች ያሳዩን፤ ገበሬው ጠዋት ማታ የላሚቱን አንገት በእጁ ሲዳብስ፣ ሚስቱ ወተቱን ለልጆቹ ትስጥ አትስጥ ስታመነታ፣ ሐኪሙም ተመልሶ የሚናገረውን ቃል በመንገድ ላይ ሲያዘጋጅ።