ያልተለፈለፈ ልክፍት፦ ንግግር ስላልጀመሩ ልጆች በእንጦጦ ማርያም የሚነገር ትረካ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም፣ ጠበል ለመጠመቅ ተራ የሚጠብቅ ሰው ያወራል። ከጎኑ የተቀመጠው «ምን ሆነህ መጣህ?» ይለዋል፤ መልሱም ትረካ ሆኖ ይወጣል። እኔ ወደዚያ የወጣሁት የጠበል ገጠመኞችን አተራረክ ለማድመጥ ነበር፤ በጆሮዬ የቀረው ግን ንግግር ያልጀመሩ ልጆች እናቶች የሚተርኩት ነው። ጠበሉ ይፈውሳል ወይስ አይፈውስም የሚለው የሐያሲ ሥራ ስላልሆነ አልገባበትም። ጥያቄዬ ትረካው እንዴት እንደተዋቀረና ቅርጹ ማንን በደለኛ እንደሚያደርግ ነው።

የተለመደው የልክፍት ትረካ እንዲህ ይሄዳል። ባለታሪኩ ጤነኛ ሳለ በቀትር ወንዝ ዳር አንድ ነገር ያገኘዋል፤ ይታመማል። ጠበሉ ሲያርፍበት መንፈሱ ይጮሃል፤ ስሙን፣ የት እንደያዘው፣ ለምን እንደያዘው ይለፈልፋል፤ ከዚያ «ለቀቅሁ» ብሎ ይወጣል። የሴራው ጡዘት ልፍለፋው ነው። ምክንያቱ የሚታወቀው በሕመምተኛው አንደበት በኩል ብቻ ስለሆነ ሰሚው ሁሉ እሱን ይጠብቃል።

ኦቲዝም ያለበት፣ አፉን ያልፈታ ልጅ ይህን አይሰጥም። ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካው ሊጮህ ይችላል፤ ድምፅና ንክኪ ከልክ በላይ የሚከብዳቸው ብዙዎች ናቸውና። ጩኸቱ የመንፈስ ጩኸት ተብሎ ይሰማል፤ ሆኖም ስም አይወጣበትም። ትረካው ጡዘቱ ላይ ሲደርስ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ልጁ ያልተናገረውን እናቲቱ ትናገራለች። አንዲት እናት ታሪኳን በሦስተኛ መደብ ጀመረች፤ «እስከ ሁለት ዓመቱ ‹እማ› ይል ነበር» አለች። ሰሚዎቿ ቀሪውን ሲጠብቁ ወደ አንደኛ መደብ ተሻገረች፤ «እርጉዝ ሆኜ በቀትር ልብስ አጥቤአለሁ፤ ስእለቴንም አላገባሁም»። ጥፋቱ ያንቺ ነው ያላት ሰው አልነበረም። የትረካው ቅርጽ ተናዛዥ ይፈልግ ነበር፤ ቦታውን ሞላችው።

በአዲስ አበባ ሁለት ሆስፒታሎች የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያስታምሙ 102 ሰዎች ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። 40.2 በመቶው የመንፈስ ልክፍትን፣ 27.5 በመቶው ኃጢአትን፣ 30.4 በመቶው የጭንቅላት ጉዳትን በምክንያትነት ጠቅሰዋል። ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ምክንያት የሰጡት ከሌሎቹ ይልቅ መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። እኔን የሳበኝ ግን የመጨረሻው ቁጥር ነው። «ወድቆ ነው» የሚለው ዓለማዊ ምክንያትም እንደ ልክፍቱ ሁሉ አንድ ቀንና አንድ የጣለ ሰው ይሻል፤ ሴራው ያው ነው። የዛሬ ሕክምና ኦቲዝምን በአብዛኛው ከዘርና ገና በፅንስ ከሚጀምር የአንጎል እድገት ጋር ያያይዘዋል፤ የመጣበት ቀን፣ ያመጣው ጥፋተኛ የለም። እንደ ማብራሪያ ጠንካራ፣ እንደ ትረካ ግን ደካማ ነው፤ ተራ በሚጠበቅበት ቦታ የሚሸነፈውም ለዚህ ይመስለኛል።

የጽሑፍ ልቦለዳችን በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የወላጆቹ ስእለት የተጫነበት በዛብህ ሸክሙን ራሱ ሊናገር ይችላል፤ አንደበት አለውና።

ሌላ ዓይነት ተራኪም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የልጃቸውን ታሪክ በአደባባይ፣ በአንደኛ መደብ ይተርኩ ነበር። አንደኛ መደቡ ግን የኑዛዜ አልነበረም፤ «ለቀቀው» የሚባልበት ቀንም አልነበረውም። ለማይናገሩ ልጆች አቡጊዳን መሠረት ያደረገ የድምፅ ማስተማሪያ ዘዴ ቀርጸዋል፤ ፊደል ቆጣሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ለዚህ መዋሉ የክፍላችንን ሰዎች ሊያስደንቅ ይገባል።

የእኔ መዝገብም ጉድለት አለበት። የጻፍሁት የእናቶቹን ቃል ብቻ ነው። ያ ልጅ ታሪኩ ሲነገር የእናቱን ነጠላ ጥለት በጣቱ እየተከተለ ምን ድምፅ ያሰማ እንደነበር አላሰፈርሁም።