ይርጋ ሳይቀድማችሁ

መልካ ጀብዱ የፋብሪካና የባቡር ሰፈር ስለሆነች፣ ወደ ጠበቃ ከሚመጣው ጉዳይ አብዛኛው ደመወዝ፣ ብድር፣ ኪራይና የቦታ ጭቅጭቅ ነው። ሕጉ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ባለጉዳዩ የሚመጣበት ጊዜ ነው።

ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ መጀመሪያ አለቃውን ይለምናል፣ ቀጥሎ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «ትንሽ ታገስ» ይሉታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን «ወደ ሥራ ልመለስ» የሚል ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሽምግልናን አልነቅፍም። በዚህ አገር ስንት ቤት ያቆመው እሱ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አሠሪው «እከፍላለሁ» ካለ በጽሑፍ ይስጥ። በጽሑፍ ያመነው ዕዳ ይርጋውን ያቋርጠዋል፣ በቃል የገባው ተስፋ ግን አያቋርጠውም።

ስለዚህ ባለጉዳይ ሲቀመጥ ማን እንደበደለው ከመጠየቄ በፊት ቀኑን እጠይቃለሁ። የስንብት ደብዳቤው መቼ ደረሰህ? በማን እጅ? መጥሪያው መቼ መጣ? መጥሪያ ደርሶት የቀረ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይበት ይችላል። በሌለበት የተወሰነበትን ለማስነሳትም ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ማመልከትና የቀረበትን በቂ ምክንያት ማስረዳት አለበት። መጥሪያን በኪሱ ይዞ ሽማግሌ የሚጠብቅ ሰው ሳይ ልቤ ያዝናል።

ብድርም እንደዚሁ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በዚያ መጠን ብቻ የሚበደር የለም ማለት ይቻላል። ጓደኛ ለጓደኛ በእምነት የሚሰጠው ገንዘብ ሁሉ ማለት ይቻላል ወረቀት ይፈልጋል። «ወረቀት ብጠይቀው ይቀየመኛል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ወረቀት ሳይኖር ፍርድ ቤት ሲገናኙ የሚቀያየሙት ግን ይብሳል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የከተማው ዳር ባዶ ቦታ ሽያጭ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ከፍሎ፣ ባለሦስት ምስክር ወረቀት ይዞ «ውሉን አስፈጽምልኝ» የሚለኝ ሰው አለ። ያንን ወረቀት ማስፈጸም አይቻልም፤ ሊደረግ የሚችለው ገንዘቡ ይመለስ ብሎ መክሰስ ነው፣ ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡን በልቶ ጠፍቷል። ይኸው ሰው ከመክፈሉ በፊት ለአንድ ሰዓት ምክር ቢመጣ ኖሮ፣ «አትፈርም» ከማለት ሌላ ሥራ አይኖረኝም ነበር። የቤት ሽያጭ ከሆነ ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይደረግ።

እዚህ አብዛኛው ሰው በደሉን የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ነው፤ ክሱ ግን በአማርኛ ይጻፋል። ስለዚህ የጻፍኩትን በራሱ ቋንቋ ሳላሰማው አላስፈርመውም። «እንደዚያ አላልኩም» የሚል ባለጉዳይ አለ፤ ያቺ እርማት ክሱን ታድነዋለች።

ለሁሉም ነገር ጠበቃ ያስፈልጋል አልልም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንዳንድ የቅርብ ዘመዶች በውክልና እንዲቆሙ ይፈቅዳል። የዳኝነት ገንዘብ የሌለው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። በ1992 የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብም ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዟል። እናንተም ይህንን ጠይቁን፤ ጥያቄው አያሳፍርም።

ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት፣ የስንብት ደብዳቤው በደረሳችሁ ሳምንት፣ መጥሪያው በመጣ ዕለት ኑ። ደብዳቤውን፣ የባንክ ደረሰኙን፣ የስልክ መልእክቱን ምንም ሳትጥሉ ይዛችሁ ኑ።