የበረዶው ጥላ ሰማያዊ ነው

የመልክዓ ምድር ሥዕል ጀማሪዎች ጥላ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ወደ ጥቁሩ ቀለም ይሮጣል። ነጩን በጥቁር ያደፈርሱታል፤ የሚወጣው ግን ጥላ ሳይሆን ዐመድ ነው። እኔ እንዲህ ላለው ተማሪ ከማብራራት ይልቅ የፈረንሳዊውን ሰዓሊ የክሎድ ሞኔን «ላ ፒ» የተባለ ሥዕል ማሳየት ይቀናኛል።

ሞኔ ይህን ሥዕል የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1869 በዘለቀው የብርድ ወራት፣ ኖርማንዲ ውስጥ ኤትሬታ አካባቢ ነው። ሳሎን የሚባለው የፓሪስ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ዳኞች በ1869 አልተቀበሉትም። ዛሬ እዚያው ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ተሰቅሏል።

ሸራው 89 በ130 ሴንቲ ሜትር ነው። የጭራሮ አጥር አግድም ያቋርጠዋል፤ ከአጥሩ ጀርባ ዛፎችና ቤት፣ ከፊቱ ባዶ በረዶ። በግራ በኩል ካለው የእንጨት በር አግዳሚ ላይ ሥዕሉ የተሰየመባት፣ ጥቁርና ነጭ ላባ ያላት የቁራ ዘመድ ተቀምጣለች። ወፏ መሀል ላይ ብትሆን ኖሮ ሥዕሉ የወፍ ሥዕል ሆኖ ይቀር ነበር። ዳር ላይ በመሆኗ ግን ዓይን መጀመሪያ እሷ ላይ ያርፍና አጥሩን ይዞ ወደ ቀኝ ይጓዛል፤ በዚያው መላውን ሜዳ አይቶ ይመለሳል።

ፀሐይዋ ያለችው ከአጥሩ ወዲያ ስለሆነ ጥላው ወደ ተመልካቹ ይወድቃል። እዚያ ቦታ የፀሐይ ጨረር ባይደርስም የሰማዩ ብርሃን ይደርሳል፤ ሰማያዊነቱ የመጣው ከዚያ ነው። ብርሃን ያረፈበት በረዶም ቢሆን ንጹሕ ነጭ አይደለም፤ ቢጫ ጣል ጣል ተደርጎበታል። ሞቃቱ ቢጫ ከቀዝቃዛው ሰማያዊ ጎን ሲቀመጥ ሁለቱም ይደምቃሉ። በእኔ ግምት የሥዕሉ ትልቁ ድፍረት ይኸው ነው።

ስለ ድባቡ ሲወራ «ጸጥታ» የምትለው ቃል ትበዛለች። ልክ ነው፤ ግን ጸጥታው ከየት መጣ? ሸራው ከሞላ ጎደል ብሩህ ነው፤ ጥቁር የምትባለው ወፏ ናት፣ እሷም ትንሽ። ደግሞም በርና ቤት እያለ ሰው የለም። ሞኔ ሰው ቢጨምርበት ወሬ ይጀመር ነበር።

በረዶ የለንም የሚል ሰዓሊ ካለ፣ ጥርት ባለ ቀን ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነጭ ጋቢ ፊት ይቀመጥ። የእጥፋቱን ጥላ አስቀድሞ ይበጥብጥ፣ ብርሃኑን ከዚያ ያስከትል። ጥቁሩን ቀለም ግን ቤት ትቶት ይውጣ።