መጀመሪያ ቱቦው

ባሌ፣ ጎባ ላይ በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ሰው የተጠመዘዘ አንጀት ደጋግሞ ያያል። የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል፣ ሲግሞይድ የምንለው፣ በራሱ ላይ ይዞርና አየሩም ዓይነ ምድሩም መውጫ ያጣል። ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ፣ ገበሬና ዕድሜው የገፋ ነው። አሰር የበዛበት ምግብ አንጀቱን ያረዝመዋል፣ ያሰፋዋልም ይባላል። የቦሊቪያ ደጋ ሐኪሞችም ይህን በሽታ ስለሚያውቁት ከፍታውም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

ካርዱ ላይ ለዕድሜ «70» ተብሎ የተጻፈው ግምት ነው። እኔ በኦሮምኛ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ «አባቴ፣ የዋቆ ጉቱ አመፅ ሲነሳ ምን ይሠሩ ነበር?» ከብት እጠብቅ ነበር ካሉኝ፣ ያ የባሌ አመፅ የተነሳው በ1955 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዕድሜያቸውን ከዚያ አሰላለሁ። ይበልጥ የሚጠቅመኝ ግን ቀጣዩ ጥያቄ ነው፤ «ባለፈው ወር ገበያ በእግርዎ ደርሰው ተመልሰዋል?» ካናዳዊው ሮክዉድና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአቅም መለኪያም የሚያየው ሰውየው ራሱን ችሎ የሚሠራውን እንጂ የልደት ዘመኑን አይደለም።

አንጀቱ ከሞተ ምርጫ የለም፤ በዚያው ሌሊት ሆድ ይከፈታል። ችግሩ የሽማግሌ ሆድ ምስጢር መደበቁ ነው። ትኩሳት ላይመጣ ይችላል፤ ጡንቻው ስለሳሳም ሆዱ እንደ ወጣት አይጠነክርም። ስለዚህ የልብ ምቱንና ንግግሩን አያለሁ። ትናንት ልጁን በስሙ ይጠራ የነበረ ሰው ዛሬ ከቀባጠረ አልጠብቅም።

አንጀቱ ገና በሕይወት ካለ ግን ምላጩ ይቆይ። ታማሚውን በግራ ጎኑ አስተኝተን፣ በሲግሞይዶስኮፕ እያየን፣ በደንብ የተቀባ ለስላሳ ቱቦ በቀስታ እናስገባለን። ጠማማው ቦታ ላይ ሲደርስ ይገታል፤ እዚህ ላይ መግፋት አይገባም፣ አንጀት ይበሳል። ቀስ ብሎ ሲያልፍ አየሩ እያፏጨ ይወጣል፣ ፈሳሹም ይከተላል። ተለማማጅ ሐኪም ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን መቆምን የሚማረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንደ ከበሮ የተወጠረው ሆድ ዓይናችን እያየ ይሟሽሻል። ቱቦውን አስረን እንተወዋለን።

በዚህ የተገኙት ጥቂት ቀናት ለሽማግሌ ትልቅ ነገር ናቸው። ፈሳሽ ይተካል፣ ደም ማነስ ይታያል፣ ሳል ካለ ይታከማል። ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች የኦክስጅን መለኪያው 92 ሲያነብ ከቆላ የመጣ አዲስ ሐኪም ይደነግጣል፤ ለደገኛው ያልተለመደ ቁጥር አይደለም፣ ግን ከማደንዘዣ በኋላ የሚወርድበት ብዙ ቦታ የለውም። ብርዱም ቀላል አይደለም፤ ያረጀ ገላ ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል፣ ግሉኮሱ ሳይቀር መሞቅ አለበት።

ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. ደኅንነቱ የተጠበቀ የቀዶ ሕክምና ንቅናቄ ከጀመረ ወዲህ ከምላጩ በፊት ቆም ብሎ ስምን፣ ቦታን፣ ደምን ማረጋገጥ ይበልጥ ልማድ እየሆነ ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣው የሌሊት መቃዠት ግን በማረጋገጫ ቅጽ አይመለስም። ያደጉት አገሮች ሆስፒታሎች ቤተሰብን ወደ አልጋው ለማቅረብ መመሪያ ያወጣሉ፤ እኛ ዘንድ ልጁ ድሮም ጋቢውን አንጥፎ ከአልጋው ሥር ነው። አንዳንዴ «አስታማሚ ውጣ!» ስንል እጅግ የሚያስፈልገንን ሰው እናባርራለን ባይ ነኝ። አባቱን በማግሥቱ ደግፎ የሚያስነሳው እሱ ነው።

ከቱቦው በኋላ ያለው ፈተና ሌላ ነው። ሆዱ የቀለለለት ሰው ድኛለሁ ይላል፤ አንጀቱ ግን ካልተቆረጠ ደግሞ የመጠምዘዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ከቤቱ ወጥቶ ደግሞ እስኪደርስ አንጀቱ ሊሞት ይችላል፤ ያኔ በዕቅድ ሊሠራ የነበረው በጥድፊያ ይሠራል፣ ሰገራውም በሆዱ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል። ይህን ለአባትየው ከልጁ ፊት፣ ለልጁም ከአባትየው ፊት እነግራለሁ፤ ለየብቻ ከነገርኳቸው ማታ ተማክረው ይሄዳሉ። ሰበቡ አዝመራ ነው፤ ባሌ ደግሞ በዓመት ሁለት አዝመራ አላት።